ወደ ስድስተኛ ክፍል

ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ ታላቅ እህቴ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ቀጥራኝ፣ በመሐረብ የቋጠረችውን የዕቁብ ብር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ጎበዝ አስጠኚ ፈልግልኝ» አለች። «አንተ ጋዜጠኛ ነህ፣ ሰው አታጣም።» ልጇ ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ናት።

እህቴ ብትፈራ አይፈረድባትም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ሲጀምር፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኑ። መሻሻሉስ መሻሻል ነው፤ ግን አሁንም ከመቶው ልጅ ከዘጠና የሚበልጠው ከመስመሩ በታች ነው። መስመሩን ያለፈውም ቢሆን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ከፈለገ፣ ተቋሙ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱ የመግቢያ ፈተና አለው። የእህቴ ልጅ የምትመኘው ደግሞ እሱኑ ነው። ከግቢው ብዙ ሳትርቅ ነዋ ያደገችው!

እኔ መቼም ለመካሪነት አልመችም። በ2000 ዓ.ም. ስፈተን የአሮጌ ፈተናዎችን መልስ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እያልኩ እንደ ዳዊት ደግሜ ነበር የገባሁት። ጥያቄዎቹ ተለውጠው ጠበቁኝ። እነሆ እስከ ዛሬ በጋዜጠኝነት ዲፕሎማ እኖራለሁ…

ብሩን ሳልነካ ልጅቱን ይዤ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል አራት ኪሎ፣ በ2014 ወደተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሄድን። ከአሮጌ ፈተና ሃያ የሒሳብ ጥያቄ መርጬ ሰጠኋት። ሰባት አገኘች። «በቃ፣ አልችልም ጋሼ» አለች ወረቀቱን ገልብጣ። የሳተቻቸውን አሥራ ሦስቱን እንዴት እንደሠራቻቸው አንድ በአንድ እንድታሳየኝ ለመንኳት። ጉዱን ያየሁት እዚህ ላይ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉን ቀመር አሳምራ ታውቀዋለች! የምትወድቀው ከዚያ በኋላ ነው። ቅንፍ ስትፈታ የመቀነስ ምልክቷን ትረሳለች፤ ክፍልፋይ ሲመጣ እጇ ይንቀጠቀጣል። ከአሥራ ሦስቱ ዘጠኙ የጠፉት እንዲህ ነው።

ወደ ኋላ ቆጠርን። ስድስተኛ ክፍል ሳለች፣ በመጋቢት 2012፣ ትምህርት ቤቶች በኮሮና ተዘጉ። አሥረኛ ስትደርስ፣ በ2016፣ ፒያሳ ያለው መንደራቸው ለልማት ፈረሰና ከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ገቡ። ትምህርት ቤቷን አልቀየረችም፤ ግን ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ስንት የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ እንዳመለጣት እሷም አታውቀው። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ብዙውን ቀን ሒሳብ ነበር።

ለእህቴ ይህንኑ ነገርኳት። አስጠኚ መቅጠር ነውር የለውም፤ ነገር ግን አስጠኚው የሚመጣው የአሥራ ሁለተኛን መጽሐፍ ይዞ ነው፣ ቀዳዳው ያለው ደግሞ ከታች። የዕቁቡ ብር ለታክሲና ለምሳ ይሁን፣ ልጅቱም ከትምህርት በኋላ እስኪመሽ ቤተ መጻሕፍት ትቆይ አልኳት። አንድ ደብተር ትያዝ፤ የሚጻፍበት ትክክለኛው መልስ ሳይሆን የሳተችበት ምክንያት ነው። ከ2016 ወዲህ ከፊሉ ተፈታኝ በኮምፒዩተር ስለሚፈተን፣ ሰዓት ይዛ ኮምፒዩተር ላይም ትለማመድ።

እህቴ ቱግ አለች። «ሰው ልጁን ወደፊት ሲያስጠና፣ አንተ ስድስተኛ ክፍል ትመልስልኛለህ?»

እውነቷን ነው፣ ጊዜው አጭር ነው። ሌሊት ሌሊት እኔም ያባንነኛል። አስጠኚ ቀጥረን ብትወድቅ ጥፋቱ የአስጠኚው ይሆን ነበር፤ አሁን ተጠያቂው እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ሌላ ሃያ ጥያቄ ሠራች። አሥራ ሁለት አገኘች። ቅንፍ ላይ አንድም አልሳተችም፤ ሰዓቱ ግን አልበቃትም፣ አራቱን ሳታነባቸው ቀረች። ማታ ለእህቴ ደወልኩላት።

«አሥራ ሁለት» አልኳት።

ዝም አለች። ቆይታ፣ «ለሰኞ የታክሲ ስንት ልስጣት?» አለችኝ።