«በና አለ?»

1999 ዓ.ም መገባደጃ ላይ፣ አዲስ አበባ ሚሊኒየሙን ለመቀበል ስትቀባባ እናቴም ለቁርስ ቤቷ አዲስ ታፔላ አማራት። እኔ ደግሞ የሦስት ወር የግራፊክስ ኮርስ ጨርሼ፣ ኮረል ድሮው ከፍቼ መዝጋት ስለቻልኩ ብቻ ራሴን ዲዛይነር ብዬ የሾምኩበት ሰሞን ነበር። «እማዬ፣ ለማንም እንዳትከፍዪ፤ እኔ እሠራዋለሁ» አልኳት። ጣጣው የጀመረው ያኔ ነው።

ያን ጊዜ ብሮድዌይ የሚባል ፎንት ፍቅር ይዞኝ ነበር። ስሙን ባታውቁት እንኳ መልኩን ታውቁታላችሁ። ሞሪስ ፉለር ቤንተን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ በ1927 ያወጣው ነው። ሳንስ ሰሪፍ ከሚባሉት ወገን ነው፤ ማለትም ፊደሎቹ ጫፍ ላይ እንደ ጥፍር የሚወጡ ትንንሽ መስመሮች የሉትም። አብዛኞቹ ሳንስ ሰሪፎች ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ውፍረት ሲኖራቸው፣ ብሮድዌይ አንዱን የፊደል ጎን እንደ ምሰሶ ያወፍርና ሌላውን እንደ ክር ያቀጥነዋል። በትልቁ ሲጻፍ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ይመስላል። መጀመሪያ ሲወጣ ትንንሾቹ የእንግሊዝኛ ፊደላት እንኳ አልነበሩትም። ያኔ ይቺን ነገር ልብ ብላት ኖሮ ይሄን ሁሉ አልጽፍም ነበር፤ ሰውየው የሠራው ለርዕስ፣ ለሁለትና ሦስት ቃል፣ በትልቁ ለሚነበብ ነገር ነው።

ብሮድዌይ አማርኛ አልነበረውም። ችግር የለም፣ እኔ አለሁ! ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ፊደሎቹን ራሴ ሣልኳቸው። ሕጌ አንድ ነበር፦ የቆመ መስመር ሁሉ ይወፍራል፣ የተጋደመ ሁሉ ክር ይሆናል። ለራሴም ማስረጃ አላጣሁም። የብራና ጸሐፊዎቻችን በመቃ ብዕር ሲጽፉ ወፍራምና ቀጭን ያፈራርቁ የለ? (እነሱ ቀጭኑን መስመር የት ድረስ እንደሚያቀጥኑ ያውቃሉ። ይሄን ክፍል ዘለልኩት።)

«ቡና ሻይ ቁርስ ዱለት» የሚለው ወርቃማ ስቲከር ተቆርጦ ጥቁር መስታወት ላይ ተለጠፈ። ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሜ ሳየው ዓይኔ እንባ አቀረረ። እናቴ የሁለት ሳምንት ትርፏን ከፍላ በሩ ላይ አሰቀለችው።

ከመንገዱ ማዶ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚነበበው።

አንድ የታክሲ ረዳት ነው መጀመሪያ የነገረን። ገብቶ ተቀመጠና ፊቱን ኮስተር አድርጎ «እማማ፣ በና አለ?» አለ። ጓደኞቹ ሳቁ። በማግስቱ «ቀርስ» የሚል መጣ። በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ «ደለት» ማለት ጀመረ። ሮጬ ወጥቼ ከማዶ ሳየው እውነታቸውን ነው። ለካ የ«ቡ»፣ የ«ቁ» እና የ«ዱ» ካዕብነት ያለው በጎን በምትወጣው በዚያች አጭር የተጋደመች መስመር ነው። እኔ ደግሞ የተጋደመውን ሁሉ ክር አድርጌዋለሁ። ከሩቅ ክሩ ይጠፋል፤ ምሰሶው ብቻ ይቀራል። ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ቀጫጭኖቹ ስቲከሮች ከጫፋቸው ይላጡ ጀመር።

በእንግሊዝኛ ቀጭኗ መስመር ብትደበዝዝ አንባቢው ብዙ ጊዜ ቃሉን ገምቶ ያልፋል። የኛ ፊደል ግን ድምፁን የሚሸከመው በእነዚያ ትንንሽ ክንፎች፣ ቀለበቶችና እግሮች ነው። ክንፏን ስትወስድ የቀረው የታመመ «ቡ» አይደለም፤ ጤነኛ «በ» ነው። አንባቢው የጠፋ ነገር መኖሩን በምን ይወቅ?

ታዲያ ቀጭንና ወፍራም ይቅር? እኔ እንኳ አሁንም እወደዋለሁ። ጀርመናዊው ኸርማን ዛፕፍ እ.ኤ.አ በ1950 ፍሎረንስ በሚገኘው የሳንታ ክሮቼ ቤተ ክርስቲያን የመቃብር ድንጋይ ላይ የተቀረጹ ፊደሎች አይቶ፣ ሌላ ወረቀት ስላልያዘ 1,000 ሊሬ የገንዘብ ኖት ላይ ነደፋቸው። ከዚያ የተወለደው ኦፕቲማ እ.ኤ.አ በ1958 ወጣ። እሱም ጥፍር የለውም፤ ውፍረቱም ይለዋወጣል፤ ግን በልኩ ነው፣ ቀጭኑ ክር እስኪሆን አይደርስም። እ.ኤ.አ በ1982 ዋሽንግተን ውስጥ የተመረቀው የቬትናም ዘማቾች መታሰቢያ ግድግዳ ላይ ከ58,000 በላይ ስሞች የተቀረጹት በዚሁ ፊደል ነው። እዚያ ግድግዳ ላይ አንዲት መስመር ብትጠፋ እናትየው ጣቷን የምታሳርፈው በሌላ ሰው ልጅ ስም ላይ ነው።

ወደኛ ታፔላ ልመለስ። እናቴ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሳትነግረኝ አንድ ሽማግሌ ታፔላ ጻፊ ጠራች። ስደርስ መሰላል ላይ ሆነው ቆርቆሮ ላይ በቀይ ቀለም «ቡ»ን እየጻፉ ነበር። ምሰሶውን በአንድ ምት አወረዱና፣ ብሩሹን እንደገና ቀለም ነክረው ክንፏን ሁለት ጊዜ ደረቡባት።

«ጋሼ፣ እሷን ለምን ደረቧት?» አልኳቸው።

«ሌላው ቢጠፋ ሰው ይገምተዋል» አሉኝ ዘወር ሳይሉ። «ይቺ ከጠፋች ግን በምን ያውቃታል? ያንን መስታወት የሠራው ማነው ደግሞ?»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝና ወደ ጓዳ ገባች። እኔም «እንጃ» አልኩ።

ዛሬ በዚሁ ሙያ እንጀራ እበላለሁ። የሰርግ ካርድ ሲመጣልኝ የሙሽሮቹን ስም በዚያ ክር በሚመስለው ፊደል በትልቁ አደርገዋለሁ፤ ቦታውንና ሰዓቱን ግን ወፈር ባለ ተራ ፊደል። ክንፎቹን አንድ በአንድ እቆጥራለሁ። ባለፈው ሳምንት እንዲህ ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ ስቆጥር ስልኬ ጮኸ።

«የት ነህ?» አለችኝ እናቴ። «በና ፈልቷል፣ ና።»