ኢቃማ የሌለው ተማሪ

እኛ የሐራ ሰዎች ስለ ጅዳ ስናወራ ስለ ሪያል እንጂ ስለ ትምህርት ቤት ማንሳት አልለመድንም። ዑምራችንን ፈጽመን ዘመድ ቤት ጥቂት ቀን ስንሰነብት ግን ዓይናችን ያረፈው ልጆቹ ላይ ነበር።

በጅዳም በሪያድም የኢትዮጵያውያን ኮሚኒቲ ትምህርት ቤቶች አሉ። ማለዳ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች በአማርኛ እየተጫወቱ አውቶቡስ ሲሳፈሩ አይተን አልሐምዱ ሊላህ አልን። ቀና ስንል ደግሞ አውቶቡሱን ከመስኮት የሚያዩ ሌሎች ልጆች አሉ። የእነዚህም እናቶች ከወሎ የሄዱ ናቸው። የሚለያያቸው አንዲት ወረቀት ናት፤ ኢቃማ። በየመን በኩል ባሕር አቋርጣ የገባች እናት ኢቃማ የላትም፤ እዚያው የተወለደው ልጇም የለውም። ወረቀት ከሌለ ምዝገባ የለም።

ኢቃማ ያለውም አልተመቸውም። የሳዑዲ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2017 ጀምሮ የውጭ አገር ሠራተኛ አብሮት በሚኖር በእያንዳንዱ የቤተሰቡ አባል በወር 100 ሪያል እንዲከፍል አደረገ። ክፍያው በየዓመቱ መቶ እየጨመረ በ2020 400 ደረሰ። ሚስትና ሦስት ልጆች ላሉት ሾፌር በወር 1,600 ሪያል ማለት ነው፤ የትምህርት ቤቱ ክፍያ ገና ሳይነሳ! ብዙ አባወራ ቤተሰቡን ወደ አገር ሸኝቶ ብቻውን ቀረ።

ከሁሉም ያልተረሳችን አንዲት የሐራ ልጅ ናት። ሰው ቤት ትሠራለች፤ ወልዲያ ለሚማር ወንድሟ የቤት ኪራይና የደብተር ትልካለች። የስምንት ዓመት ልጇ ግን ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ሌሊት ከሥራ ስትመለስ ፊደል ታስቆጥረዋለች። «ወንድሜ ይማርልኝ እንጂ» አለችን። «ይሄኛውስ?» ለማለት አፋችን አልታዘዘንም።

እሷ ራሷ ያቋረጠችው ከ8ኛ ክፍል ነው። እዚህ ያለው ልጅ ምን ተስፋ አይቶ ይቀመጥ? እ.ኤ.አ. በ2021 ጦርነቱ ሰሜን ወሎ ሲገባ ብዙ ትምህርት ቤቶች ፈረሱ፣ ተዘረፉ። በ2022 እና በ2023 የ12ኛ ክፍል ፈተና በመላ አገሪቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከ100 ተፈታኝ 3 ያህሉ ብቻ ነበር። ዴስክ የሌለውም ቤተ ሙከራ ያለውም የተቀመጡት ለአንድ ፈተና ነው።

በየጁ፣ ዳና ላይ፣ ከሩቅ አገር የመጣን ደረሳ መንደሩ ይቀልበው እንጂ ወረቀት አምጣ አይለውም ነበር። (ሴት ልጆቻችን ምን ያህል ዕድሉን አገኙ? ይህ ሌላ ጥያቄ ነው።)

በዚያው በጅዳ አንዲት እህት ዓርብ ዓርብ እነዚህን ወረቀት የሌላቸውን ልጆች ሳሎኗ ሰብስባ ታስተምራለች። ከቀበሌኛዎቻችን የመጡ አሮጌ መጻሕፍት አሏት። የጎደላትን ነግራን ነበር፤ አማርኛውን ለዑምራ ተጓዥ ሰጥተን ልከናል። የ2ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ግን እስካሁን አላገኘንም። ቤታችሁ ልጁ ጨርሶት የተቀመጠ ካለ፣ አትጣሉት።