ዝናሩ ይቀመጥ፣ ጥይቱ ይውጣ

በወታደር ቤት የማይጣል ነገር ብዙ ነው፤ የደበዘዘ ሜዳሊያ፣ የተፈታ የማዕረግ ምልክት፣ ጠርዙ የተበላ የምድብ ፎቶግራፍ። እኛም ባልና ሚስት ጎጆ ከወጣንበት ጊዜ አንሥቶ እነዚህን ስንሰበስብ ኖረናል። ከቁም ሣጥናችን አንዱ መሳቢያ ለእነርሱ የተለየ ነው። ጎረቤቶቻችን ቢስቁብንም አንቀየምም።

ከሁሉ የምንወደው አንድ የምንሽር ቀለህ ነው። ይህ የጣልያን ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1891 የወጣ፣ 6 ነጥብ 5 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርስ ነው። በቀለሁ ግርጌ «35» የሚል ቁጥር ተቀርጿል። ብዙ ሰው በእኛ አቆጣጠር 1935 ዓ.ም. ይመስለዋል፤ ነገር ግን የፈረንጅ ዓመት ነው። ጠላት መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን የተሻገረው በዚያው በፈረንጆቹ 1935 ስለሆነ፣ ይህች የነሐስ ቁራጭ ከፋብሪካ የወጣችው በወረራው ዋዜማ ወይም በዚያው ሰሞን ነው። ልጆቻችን ከታሪክ መጽሐፋቸው ይልቅ እርሷን አገላብጠው ዘመኑን ያዙት።

ባለፈው ክረምት ከአንዳችን እናት ስጦታ ደረሰን። (የአንዳችን እናት የሁለታችንም ናቸውና «እማማ» እንላቸዋለን።) ስጦታው ከአያታቸው የወረደ የቆዳ ዝናር ሲሆን፣ ሦስት ያልተተኮሱ የውጅግራ ጥይቶች ተሰክተውበታል። ውጅግራ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 የተሠራ፣ አንድ በአንድ የሚጎርስ፣ ባለ 11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ሲሆን፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከአባቶቻችን ጋር ውሏል። በዚያ ዘመን ጥይቱ ከአሞሌ ጨው ጎን በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይሰጥ ይቀበል ነበር። ሰው ጥይቱን እንደ ንብረት ቢቆጥረውና ለልጅ ልጁ ቢያስቀምጠው ታዲያ ምን ይገርማል?

«እማማ፣ ዝናሩን በደስታ እንቀበላለን፤ ጥይቶቹ ግን ከልጆች ጋር አያድሩም» አልናቸው።

«ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ ጥይት ምን ያደርጋል? ሞቷል እኮ!» አሉ። ከፍቷቸው ነበር።

አልሞተም። የውጅግራ ባሩድ ጥቁር ባሩድ ነው፤ እርጥበት ካላገኘው ዕድሜ ብቻውን አያበላሸውም። ለሠራዊቱ ባልደረባ ይህን መንገር ለቀባሪው አረዱት ይሆናል። የምንጽፈው ግን ቤት ለምትጠብቀው እኅታችንም ነውና ጥቂት እንጨምር። የተተኮሰ ቀለህ አፉ ክፍት፣ ውስጡ ባዶ ነው፤ በግርጌው መካከል ያለችው ትንሽ ክብ መቀጣጠያም በመርፌው ተመትታ ተሰርጉዳለች። አረሩ አፉ ላይ ተተክሎ ካለ ግን፣ መቀጣጠያው ተመትቶም ቢሆን፣ ጥይቱ ያልፈነዳ ነውና ከሁሉ ይልቅ ይህን እንፈራለን። በድንጋይ መቀጥቀጥ፣ ከምድጃ አጠገብ ማኖር፣ «ባሩዱን እናፍስሰው» ማለት፣ ሁሉም ነውር ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን የተካሄደው ጦርነት ደግሞ በየማሳው ቦምብና የሞርታር ጥይት ትቶ አልፏል፤ እረኛ ልጅ አንሥቶ ያመጣውን ለጌጥ የምትቀበል እናት ከቶ አትኑር። ባለበት ትቶ ምልክት ማድረግና ለቅርቡ ክፍል ማስታወቅ ይበቃል። የአያት ጠመንጃ ያለውም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 ፈቃድ እንደሚጠይቅ ይወቅ።

ወደ እማማ እንመለስ። ሦስቱን ጥይቶች የመሣሪያ ግምጃ ቤቱ ባልደረባ መጥቶ ተረከበን። እርሳቸው ሳምንት ሙሉ አኮረፉን፤ ቡና ስናፈላ እንኳ ፊታቸውን አዙረው ይጠጡ ነበር። በመጨረሻ ከጎረቤታችን አናጢ ጋር መክረን፣ በጥይቶቹ ልክ ሦስት የወይራ እንጨቶች አስጠረብንና በዝናሩ ሰካናቸው። እማማ በጣታቸው አንድ በአንድ ዳሰሷቸው። «አያቴ ከሦስት በላይ ነበረው፤ ሙሉውን አስሞሉት» አሉ።

አናጢው እስካሁን ዘጠኝ ጠርቧል።