የእማዬ ክንድ

እማዬ ጡቷ በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ ሰው አይነካትም ነበር፤ እኛ ልጆቿም ጭምር። ጀሞ አንድ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ደረጃውን ወጥቶ የሚጠይቃት ጎረቤት «እግዜር ይማርሽ» ብሎ ራቅ ብሎ ይቀመጣል እንጂ እንደ ድሮው አገላብጦ አይስማትም። እኛ ያማታል ብለን ነው። ይተላለፋል ብለው የሚሰጉም እንደነበሩ የሰማሁት በኋላ ነው። ካንሰር በመነካካት አይተላለፍም።

ጊዜው 2011 ዓ.ም. ነው። ለጨረር ሕክምና ጥቁር አንበሳ እንመላለስ ነበር፤ ያኔ በመላ አገሪቱ ጨረር የሚሰጠው እዚያ ብቻ ነው። ከጀሞ ሜክሲኮ በሚወስደው ታክሲ ውስጥ ሰው እንዳይገፋት ግራ ክንዷን በነጠላዋ ሸፍና መስኮቱ ጥግ ትቀመጣለች። ጨረሩ ካለቀ ከወራት በኋላ ያ ክንድ ያብጥ ጀመር። የቃል ኪዳን ቀለበቷን በሳሙና አሟልጨን አወጣነው።

«ወጌሻ ይምጣና ጠበቅ አድርጎ ይሻት፤ ይፈስላታል» አለችኝ ጎረቤታችን፣ ከልቧ አዝና። ልጠራ ስል የደረሱልኝ ቤት ለቤት እየዞሩ ሕሙማንን የሚረዱ ነርስ ናቸው።

ሲስተር መጀመሪያ አላሹም። በእጃቸው ጀርባ ክንዷ ያተኩስ እንደሆነ ለኩ፤ ቆዳው መቅላቱን አዩ፤ ትኩሳት እንዳላት ጠየቁ። እግሮቿንም አነጻጸሩ፤ አንዱ ባት ብቻ አብጦ ቢያማት ኖሮ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል ማሸት ቀርቶ ወደ ሆስፒታል ነበር የምንሮጠው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይሄ ውልቃት አይደለም። በቀዶ ሕክምናው ከብብቷ ሥር ተቆርጠው የወጡት ንፍፊቶች የክንዷ ፈሳሽ ማለፊያ በሮች ነበሩ። በሩ ተዘግቶ ከታች ብትገፊው የት ይሂድ?»

ስለዚህ የጀመሩት ካበጠው ክንድ ሳይሆን ከአንገቷ ነው፤ ቀጥሎ ጤነኛው ብብት፣ ከዚያ ትከሻ፣ በመጨረሻ ክንድና ጣት። ጨረር ያጠቆረውን ቆዳ አልነኩትም፤ ቅቤም እንዳናስነካው አስጠነቀቁን። አጫጫናቸው እንዲህ ቀላል ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም። ቆዳው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ትኩስ እንጀራ ስናወጣ ዓይኑን እንዳንጨፈልቅ እንደምንጠነቀቀው።

«ያምዎታል፣ እናቴ?»

«ኧረ አያመኝም» አለች እማዬ። ዓይኗን ጨፍና እንባዋ ይወርድ ነበር።

ኋላ ላይ ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ የካንሰር ማዕከል 1,290 ሕሙማን ታሽተው የሕመምና የጭንቀት ስሜታቸው ወዲያው በግማሽ ገደማ መቀነሱን የሚገልጽ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አነበብሁ። ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውምና ብዙ አይባልበትም። ሲስተርም ያሉኝ ይኸንኑ ነበር፤ ማሸት ካንሰሩን አያድንም፣ መድኃኒቷንም አያስተዋትም፤ ያሳርፋታል።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ፣ ቡናው ካበቃ በኋላ፣ ተራው የእኔ ሆነ። እሷ ቡና መቁላት ትታለች፤ ያ ክንድ ቃጠሎ አይችልም። አምስት ልጆች በቅቤ አሽታ ያሳደገች ሴት ናትና ዝም ብላ አትታሽልኝም። «ቀስ በይ፣ አትቸኩዪ። ትንሿን ጣት ዘለልሻት» ትለኛለች። እመለስና ትንሿን ጣት እይዛለሁ። ብዙ ጊዜ መዳፏ ላይ ሳልደርስ እንቅልፍ ይወስዳታል።

እብጠቱ በማሸቱና ክንዷን በምንጠቀልልበት ፋሻ ጎደል አለ እንጂ ጨርሶ አልጠፋም። ቀለበቱ ተመልሶ አልገባላትም፤ ማተቧ ላይ አሰርንላት።