ከቃጫ የወጣ ወረቀት

ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ነው። የያሆዴ በዓል አልፎ ሆሳዕና ገበያ ላይ ቃጫ በየሸክሙ በሚወጣበት ሰሞን፣ ከማስተምራቸው ልጆች ጋር ወረቀት በእጃችን ልንሠራ ተነሣን። ሥራውን ያሳየን ከአዲስ አበባ የመጣ የእጅ ጥበብ አሠልጣኝ ነበር። ገና ሲጀምር፣ «በአካባቢያችሁ ረዥምና ጠንካራ ክር የሚወጣው ተክል የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀ። ልጆቹ «እንሰት!» ሲሉ ክፍሉ ተናጋ።

ከከተማ ወጣ ብላ ወደምትኖረው አክስቴ ወሰድኳቸው። ደጃፏ ላይ እንሰት ስትፍቅ አገኘናት። የግንዱን ንብርብር በተጋደመ ጣውላ ላይ ዘርግታ፣ ጫፉን በእግሯ ረግጣ ይዛ፣ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ቁልቁል ትስበዋለች። ልሙ ለቆጮ ይወርዳል፤ ውሃው ተጠልሎ ሲረጋ ቡላ ይሆናል፤ በእጇ የሚቀረው ነጣ ያለ ቃጫ ነው። የመጣንበትን ስነግራት፣ «ረዥሙን ለገመድ እፈልገዋለሁ፤ አጭሩን ውሰዱ ልጄ፣ ለምንም አይሆነኝም» አለችን። እኛ የምንፈልገውም አጭሩን ነበር።

ቃጫውን በጣት ጥፍር ልክ ቆራርጠን ውሃ ውስጥ አሳደርነው። በማግስቱ በተጠለለ የዓመድ ውሃ ለብዙ ሰዓት ቀቀልነው። የዓመድ ውሃ ክሮቹን አጣብቆ የያዘውን ሊግኒን የሚባል ነገር በከፊል ያሟሟና ሴሉሎሱን ያስቀራል። ደጋግመን አጥበን በሙቀጫ ወቀጥነው። የዘነዘናው ሥራ ቃጫውን ማድቀቅ ብቻ አይደለም፤ የእያንዳንዱን ክር ገላ እየፈተገ ጠጉር ያወጣለታል። ወረቀት ያለ ሙጫ የሚያያዘው እነዚህ ጠጉሮች ሲደርቁ እርስ በርስ ስለሚጨባበጡ ነው። መድረሱን ለማወቅ ቆንጠር አድርገን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ በተንነው፤ ሳይቋጠር እንደ ደመና ሲዘረጋ አሠልጣኙ «በቃ» አለ።

ሳፋ ሙሉ ውሃ ውስጥ በጠበጥነው። በእንጨት ፍሬም ላይ የወጠርነውን የወንፊት ሽቦ በጎኑ አስገብተን፣ ውሃው ውስጥ አጋድመን፣ ቀጥ አድርገን አወጣነው። ውሃው ሲንጠባጠብ ፍሬሙን ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ኋላ ቀስ ብሎ መነቅነቅ ያስፈልጋል፤ ክሮቹ የሚቆላለፉት ያኔ ነው። ዓይን የሚጠብቀው አንድ ምልክት አለ፤ ላዩ ላይ የሚያብረቀርቀው ውሃ ድንገት ይጠፋል። እሱ ሲጠፋ ፍሬሙን አቡጀዲ ላይ ገልብጠው ይጫኑታል። ሉሁ በጨርቁ ላይ ይቀራል፤ በጣውላና በድንጋይ ተጭኖ ከከረመ በኋላ ፀሐይ ያደርቀዋል።

የደረቀው ሉህ ቢጫ የተቀላቀለበት ነጭ፣ ጠንካራ ነበር። ስንጽፍበት ግን ቀለሙ ተሰራጨ። አሠልጣኙ ስታርች መቀባት እንዳለበት ሲነግረን፣ አንዲት ተማሪ «ቡላስ?» አለች። ቡላውን አቅጥነን አፍልተን ቀባነው፤ ሲደርቅ ብዕሩ ጥርት አድርጎ ጻፈ። ቃጫውም የሚቀባውም ከአንድ ተክል ተገኘ።

የእንሰት ዘመድ የሆነው የፊሊፒንስ አባካ ዛሬ የሻይ ከረጢትና የጃፓን የገንዘብ ኖት ይሠራበታል። ቻይናዊው ጻይ ሉን በ105 እ.ኤ.አ. አካባቢ ለቤተ መንግሥት ያቀረበው ወረቀትም ከዛፍ ልጥ፣ ከአሮጌ ጨርቅና ከዓሣ መረብ የተሠራ እንደነበር ይነገራል። ሰው ብዙ ጊዜ ወረቀቱን የሠራው በደጁ ካለው ነገር ነው። በሀዲያና በከምባታ ደጅ ያለው እንሰት ነው። ክሩን ከግንዱ ሳይበጥሱ ማውጣት ከሥራው ሁሉ ከባዱ ሲሆን፣ እናቶቻችን ያንን ሲያደርጉት ኖረዋል።

ከዚያ ወዲህ ወረቀት ከፋብሪካ ብቻ የሚመጣ ነገር ነው ብዬ አላስተምርም። ሙቀጫ፣ ሳፋና ወንፊት ያለው ትምህርት ቤት ሁሉ ሊሠራው ይችላል። ልጆቻችን ኬሚስትሪን ከዓመድ ውሃ፣ ጥበብን ደግሞ ከእናቶቻቸው እጅ ቢማሩ፣ የሚጽፉበትንም የሚያመሰግኑትንም ያውቃሉ።