ሁለት ስም በአንድ ደብተር

በጥንት ዘመን በአገራችን ከሳሽና ተከሳሽ ወደ ዳኛ ሲሄዱ የኩታቸው ጫፍ ከጫፍ ተቋጥሮ ጎን ለጎን ይጓዙ እንደ ነበር ከሽማግሌዎች ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ባለዕዳም ዕዳውን እስኪከፍል ድረስ ከገንዘቡ ባለቤት ጋር በሰንሰለት የሚቆራኝበት ጊዜ ነበር። ሰንሰለቱም ቀረ፥ ኩታውም ተፈታ፤ ገንዘብ ግን ሰውን ከሰው ማሰሩን አልተወም።

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ እንዲህ ያለ ቋጠሮ ነው። ይኸውም ባልና ሚስት በአንድነት ስለሚከፍቱት የባንክ ሒሳብና፥ ከሁለቱ የአንዱ ስም ቀድሞ በዕዳ ተነክቶ እንደ ሆነ ስለሚገጥማቸው ነገር ነው። ነገሩን ያየሁት በሰው ቤት አይደለም፤ በለንደን ከተማ፥ በገዛ ጎጆዬ ነው። ከእናንተም መካከል ነገ ለትምህርት ወደዚያ የሚሻገር፥ ወይም እዚያ ካለች እጮኛው ጋር ትዳር የሚይዝ አይጠፋምና ብታውቁት አይጎዳችሁም።

በእኛ አገር ሰው ገንዘብ ሲወስድ ስለ ስሙ የሚመሰክርለት ሰው ነው። የዕቁብ ዳኛ ዕጣ ለወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት «ዋስ አምጣ» ይለዋል፤ ዋሱም መጥቶ ይፈርማል። በእንግሊዝ አገር ግን ስለ ሰው የሚመሰክረው ወረቀት ነው። የማንቸስተር ነጋዴዎች ዕዳውን የማይከፍለውን ሰው ስም እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበትን ማኅበር ያቋቋሙት በ1826 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነበር። ዛሬ ያንን ሥራ በሰፊው የሚሠሩት ኤክስፒሪያን፥ ኢኩፋክስና ትራንስዩኒየን የሚባሉ ሦስት ድርጅቶች ናቸው። ማን የት እንደሚኖር፥ ከማን ምን ያህል እንደ ተበደረ፥ በቀኑ መክፈሉንና ማሳለፉን ይመዘግባሉ። ባንክም ሒሳብ ክፈቱልኝ ያለውን ሰው ከመቀበሉ በፊት እነርሱን ይጠይቃል።

እኔና ባለቤቴ የተጋባነው በ2016 ነው፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እርስዋ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት፥ እኔ ደግሞ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት እንሠራ ነበር። ደመወዛችን ትንሽ ቢሆንም በጋራ ሒሳብ ብናስገባው የቤት ኪራዩና የመብራቱ ክፍያ ይቀለናል ብለን ወደ አንድ ባንክ ሄድን። ጸሐፊው ስማችንን፥ አድራሻችንንና ደመወዛችንን በመኪናው ላይ ከጻፈ በኋላ ጥቂት ቆየና «ማመልከቻችሁን ልንቀበል አልቻልንም» አለን። ምክንያቱን ሊነግረን አልቻለም፤ የነገረን ስለ እኛ የጠየቀው ከየትኛው ድርጅት እንደ ሆነ ብቻ ነው። ከዚያም ወደ እኔ ዘወር ብሎ፥ «እርስዎ ብቻዎን ቢያመለክቱ የሚሳካልዎ ይመስለኛል፤ የባለቤትዎም ደመወዝ በእርስዎ ሒሳብ ሊገባ ይችላል» አለኝ።

በአውቶቡስ ስንመለስ ባለቤቴ ዝም ብላ በመስኮት ታይ ነበር። ኋላ ግን እንዲህ አለችኝ፤ «ለእናቴ በየወሩ የምልከውን ገንዘብ አንተን እያስፈቀድኩ ልላክ? ስሜ ጎድፎ እንደ ሆነ አጸዳዋለሁ እንጂ በሰው ስም አልጠለልም።»

እንግዲህ ጉድፉ ምን እንደ ሆነ መፈለግ ነበረብን። በዚያ ጊዜ የራስን መዝገብ ለማየት ሁለት ፓውንድ ይከፈል ነበር፤ ከ2018 ወዲህ ግን ያለ ክፍያ ይሰጣል። ወረቀቱ ሲመጣ በእኔ ስም ላይ ምንም አልነበረም። በእርስዋ ስም ላይ አንድ መሥመር ተገኘ። በ2013 አንድ የስልክ ኩባንያ 86 ፓውንድ አልተከፈለኝም ብሎ አስመዝግቦባት ነበር። በዚያ ዓመት ከአንድ የኪራይ ክፍል ወደ ሌላ ስትዛወር የሒሳብ ደብዳቤዎቹ በቀድሞው አድራሻ ሲከማቹ ኖረዋል፤ እርስዋ አንዱንም አላየችም። የአገራችን ሰው ዕዳ ከሜዳ የሚለው ይህን ነው።

ወሬው ወደ ዘመድ መድረሱ አልቀረም። አንድ አጎቴ ስልክ ደውለው፥ «ልጄ፥ ሚስት ያገባህ ጊዜ ዕዳዋንም አግብተሃል፤ ያንተም ስም መበላሸቱ ነው» አሉኝ። አንዲት የባለቤቴ አክስት ደግሞ፥ «በባልና ሚስት መካከል የምን ሒሳብ መቁጠር ነው? ትዳር ከሆነ ሁሉም አንድ ነው፤ ዝም ብላችሁ ሌላ ባንክ ሞክሩ» አሉን። ሁለቱም የተናገሩት በፍቅር ነበር። ይሁን እንጂ ሁለቱም የአገሩን ሥርዓት አላወቁትም፤ እኛም ቁጭ ብለን ተማርነው።

በመጀመሪያ፥ በእንግሊዝ አገር ጋብቻ ብቻውን የሁለት ሰዎችን የዕዳ መዝገብ አያገናኝም። በአንድ ቤት መኖርም አያገናኝም። መዝገቡን የሚያገናኘው የጋራ ሒሳብ መክፈት ወይም በጋራ መበደር ነው። ይህ ከሆነ በኋላ ግን ከሁለቱ አንዱ ለብቻው ብድር ሲጠይቅ አበዳሪው የሌላውን መዝገብ ጭምር ሊመለከት ይችላል። ስለዚህ አጎቴ የፈሩት ነገር የሚመጣው በሠርጉ ቀን አይደለም፤ በባንኩ ፊርማ ቀን ነው።

ሁለተኛ፥ ባንኩ በሒሳቡ ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣት የሚፈቅድ ከሆነ፥ ማለት ኦቨርድራፍት የተባለው ካለበት፥ ዕዳው የሁለቱም ነው። አንደኛው ሺህ ፓውንድ አውጥቶ ቢያጠፋ ባንኩ ሌላኛውን «ግማሹን ክፈል» አይለውም፤ ሺሁን በሙሉ ሊጠይቀው መብት አለው። ገንዘቡን ማን እንዳወጣው፥ ለምንም እንዳወጣው ባንኩን አይገደውም። የአክስታችን ምክር ይህን አልቆጠረም።

ሦስተኛ፥ ጉድፉ የዘላለም አይደለም። አልተከፈለም ተብሎ የተመዘገበ ዕዳ ከተመዘገበበት ቀን አንሥቶ ስድስት ዓመት ቆይቶ ይወጣል። መክፈል መሥመሩን ወዲያው አያስፋቀውም፤ ነገር ግን «ተከፍሏል» የሚል ቃል ያስጨምርበታል፤ ይህም ለሚያየው አበዳሪ ትልቅ ልዩነት አለው። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ የተፈረደ እንደ ሆነ ደግሞ በአንድ ወር ውስጥ ሙሉውን የከፈለ ሰው ፍርዱን ከመዝገብ ሊያስነሣ ይችላል።

አራተኛ፥ ባለ ስሙ መናገር ይፈቀድለታል። የተጻፈው ስሕተት ከሆነ እንዲታረም ይጠይቃል። በ1974 የወጣው የብድር ሕግ ደግሞ የተመዘገበበትን ነገር የሚያስረዳ እስከ 200 ቃል የሚደርስ ጽሑፍ ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝለት የሚጠይቅበትን መንገድ ከፍቷል። ባለቤቴ ቤት መዛወርዋንና ደብዳቤው አለመድረሱን ጽፋ አስያዘች። ስንት ጊዜ ቀዳ እንደ ጻፈችው እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ይህ ነው። 86 ፓውንዱን በዚያው ሳምንት ከፈለች። ከ2016 ወዲህ ዘጠኙ ታላላቅ ባንኮች የዕዳ ታሪኩ ላልተስተካከለ ሰው ያለ ወርኃዊ ክፍያ ቀላል ሒሳብ እንዲከፍቱ በደንብ ተገድደዋልና፥ በስምዋ እንዲህ ያለ ሒሳብ ከፈተች። ኦቨርድራፍት የለውም፤ ደመወዝ ይገባበታል፥ ክፍያ ይወጣበታል፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል? ከባንክ ባንክ መዞሩንም ተውነው፤ ማመልከቻ በቀረበ ቁጥር የሚደረገው ምርመራ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ያህል በመዝገብ ላይ ይታያልና፥ ብዙ ደጅ ያንኳኳ ሰው የቸገረው ይመስላል። ደግሞም በዚያ አገር በመራጮች መዝገብ ላይ መጻፍ የአድራሻ ማስረጃ ሆኖ ይጠቅማል። ያኔ እኛ የእንግሊዝ ዜጎች ስላልነበርን በዚያ ልንጻፍ አልቻልንም፤ ስለዚህ የመኖሪያችንን ማስረጃ በቀጥታ ለድርጅቶቹ ላክን።

በቤታችን ውስጥ ኪራዩ ከእኔ ሒሳብ፥ ምግብና መብራቱ ከእርስዋ እንዲወጣ ተስማምተን በየወሩ መጨረሻ በአንድ የተማሪ ደብተር እንጽፍ ጀመር። ለእናትዋ የምትልከውም፥ ለወንድሜ ትምህርት የምልከውም በደብተሩ ገባ። መጀመሪያ ላይ አፍረን ነበር፤ ሰው ለሚስቱ «በዚህ ወር ይህን ያህል አወጣሁ» ብሎ ቆጥሮ መናገር ይከብደዋል። ከጥቂት ወር በኋላ ግን ጭቅጭቁ ቀነሰ፤ ምክንያቱም የምንከራከርበት ነገር በፊታችን ተጽፎ ነበር።

በ2019 ስድስቱ ዓመት ሞላና መሥመሩ ከመዝገብዋ ወጣ። ያን ጊዜ የጋራ ሒሳብ ጠየቅን፤ ተፈቀደልን። ያለ ኦቨርድራፍት ከፈትነው፤ የሚገባበትም የኪራይና የቤት ወጪ ብቻ ነው። ደመወዛችን ዛሬም በየስማችን ይገባል። ለዚህ ስንወስን ማንም ማንን አላስገደደም።

ምናልባት «ባልና ሚስት ቢለያዩስ?» የሚል ይኖር ይሆናል። መዝገቡ በራሱ አይፋታም። የጋራ ሒሳቡ ሁሉ ከተዘጋና የጋራ ዕዳው ከተከፈለ በኋላ «ግንኙነታችን ይቋረጥ» ብሎ ለየድርጅቱ ማመልከት ያስፈልጋል። ይህን ያልጠየቀ ሰው ከተፋታ ከብዙ ጊዜ በኋላ በቀድሞው ባለቤቱ ስም ሊመዘን ይችላል።

በአገራችን ያላችሁ አንባቢዎችም ነገሩ አይመለከተንም አትበሉ። ባንኮቻችን ለሰው ከማበደራቸው በፊት በብሔራዊ ባንክ ያለውን የተበዳሪዎች መረጃ ይመለከታሉ። የጋራ ሒሳብ ስትከፍቱም ገንዘቡ በአንዱ ፊርማ ይውጣ ወይስ በሁለቱ ፊርማ ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ፤ ለመልሱ አትቸኩሉ። በአዲስ አበባና በድሬ ዳዋ የሚሠራበት የ1992 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) የቤተ ሰብ ሕግ ደግሞ ከተጋቢዎች አንዱ ለትዳሩ ጥቅም የገባበትን ዕዳ የሁለቱም ዕዳ አድርጎ ይቆጥረዋል። እንግዲህ በእንግሊዝ ባንኩ ከሚያስፈርመው ወረቀት የሚመጣው ነገር በእኛ ዘንድ ከጋብቻው ጋር አብሮ ይመጣል ማለት ነው።

የእኛ ሰው ከመጋባቱ በፊት ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ ሽማግሌ ይልካል፤ ጠባይን፥ ቤተ ሰብን፥ ሃይማኖትን ይጠይቃል። «ያልተከፈለ ዕዳ አለብሽን? አለብህን?» ብሎ መጠየቅ ግን እንደ ነውር ይቆጠራል፤ ተጠያቂውም ሲያፍር ይደብቀዋል። እናንተ ወጣቶች ይህችን ጥያቄ በጥያቄዎቻችሁ ላይ ጨምሯት። የጠየቃችሁትም ሰው እውነቱን ከነገራችሁ አትሽሹት፤ ሰማንያ ስድስት ፓውንድ ያልከፈለ ሁሉ አታላይ አይደለምና። ወረቀቱን አብራችሁ አንብቡት፥ የሚከፈለውን ክፈሉ፥ ከዚያ በኋላ ፊርማችሁን በአንድ ደብተር ላይ ለማኖር ጊዜው መድረሱን ሁለታችሁ ወስኑ።