የትኛዋ ብር ባሕር ትሻገር?

ሰው ሁሉ ከአያቱ የወረሳትን ብር ውድ ናት ብሎ ያምናል። እምነቱ አያስነቅፍም፤ ጣጣው የሚመጣው ውድነቷን በወረቀት የሚመሰክር ሦስተኛ ወገን ሲፈለግ ነው። አሜሪካኖች ይህን ምስክርነት ራሱን የቻለ ንግድ አድርገውታል። የቤዝቦል ተጫዋች ምስል የታተመባትን ትንሽ ካርቶን ለመርማሪ ድርጅት ይልካሉ፤ መርማሪውም ማእዘኗን፣ ጠርዟንና የኅትመቷን አቀማመጥ አይቶ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ሰጥቶ በፕላስቲክ ማኅደር ያሽጋታል። እ.ኤ.አ. በ1952 የታተመች አንዲት የሚኪ ማንትል ካርድ 9.5 የሚል ነጥብ ይዛ እ.ኤ.አ. በ2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጣለች። ለሳንቲምም ይኸው ሥርዓት አለ። መለኪያው ከ1 እስከ 70 የሚደርስ ሲሆን፣ ታዋቂዎቹ ሁለት መርማሪዎች፣ ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1987 የተቋቋሙ የአሜሪካ ድርጅቶች ናቸው። (ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. ካላልሁ በስተቀር ዘመኑ የእኛ ነው።)

ነገሩ እኔ ዘንድ የደረሰው በምሠራበት በድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። ፓርኩ በነሐሴ 2014 ወደ ነፃ የንግድ ቀጠናነት ተሸጋግሯል፤ እኛ ውስጡ የምንውለው ግን ዛሬም «ፓርኩ» ነው የምንለው። ከመሥመር የሚወጣውን ዕቃ እያየች እንከን ያለበትን ከሌለበት የምትለይ አንዲት ወጣት የሥራ ባልደረባዬ፣ ሴት አያቷ ሲያርፉ አንድ ቋጠሮ ደረሳት። በውስጡ ዐሥራ ሁለት ጠገራ ብር፣ አራት የምኒልክ ብር፣ አንድ አላድና ሁለት ተሙን ነበረ። ታይዋን ገበያ ያገኘችው ሰው «አሜሪካ ተልኮ ታሽጎ ቢመጣ አንዱ ዐሥር ይሆናል» ብሏት ኖሮ፣ በምሳ ሰዓት መጥታ፣ «ጋሼ፣ የታናሽ ወንድሜ የኮሌጅ ክፍያ ደርሷል፤ የትኞቹን ልላክ?» አለችኝ። ሳንቲም ማየት እንደምወድ ታውቃለች።

መጀመሪያ የነገርኋት ነጥቡ የሚሰጠው ለታሪክ አለመሆኑን ነው። መርማሪው አያቷ ማን እንደ ነበሩ፣ ብሩ ለማን ጥሎሽ እንደ ተሰጠ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ እውነተኛ ነውን? ከማተሚያው ከወጣ ወዲህስ ምን ደርሶበታል?

ከጠገራው ጀመርን። ማርያ ትሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ዐረፈች፤ ብሯ ግን ያችኑ ዓመት እንደ ተሸከመ መታተሙን ቀጠለ። ያተመችውም ቪየና ብቻ አይደለችም። ሙሶሊኒ አገራችንን ሊወር ሲሰናዳ እ.ኤ.አ. በ1935 የማተሚያውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አሳትሟል፤ ከዚያም ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይ አተሙ። (ወራሪውም ባላንጣውም የአንዲት ሟች ንግሥት መልክ ሲያትሙ ማሰብ ያስገርማል።) ስለዚህ «1780» የሚለው ቁጥር ስለ ዕድሜው ምንም አይናገርም፤ የሚናገሩት የትከሻ ጌጧ ዕንቁዎች፣ የንስሩ የጅራት ላባዎችና ሌሎች ጥቃቅን ምልክቶች ናቸው። በአጉሊ መነጽር ስናያቸው አብዛኞቹ የኋለኛው ዘመን ኅትመቶች ሆነው ተገኙ። አምስቱ ደግሞ ለአንገት ጌጥ ሲባል ማንጠልጠያ ተበይዶባቸዋል። ብየዳ፣ ቀዳዳ ወይም ፍቀት ያለበትን ሳንቲም መርማሪው እውነተኛነቱን ይመሰክርለታል እንጂ ከ70ው ነጥብ አይሰጠውም፤ ጉድለቱን ጽፎ ያሽገዋል። አንድ ጠገራ ወደ 28 ግራም ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ ንጹሑ ብር 23.4 ግራም ገደማ ነው። የእንዲህ ያለው ጠገራ ዋጋ ከብሩ ክብደት ብዙ ስለማይርቅ የምርመራ ወጪ አይሸከምም። ዐሥራ ሁለቱም ከሰልፉ ወጡ።

ቅር አላት። «አያቴ ለዒድ አንገታቸው ላይ የሚያደርጓቸው እኮ እነዚህን ነበር» አለች። እኔ ብሆን ከሁሉ በፊት የማልሸጠው እነዚያን ማንጠልጠያ ያላቸውን ነው፤ ይህ ግን የእኔ ሚዛን እንጂ የመርማሪው አይደለም።

የምኒልክ ብር ፓሪስ የታተመ ነው፤ ዓመቱም በግዕዝ አኃዝ ተቀርጾበታል። ከአራቱ አንዱን ወርቅ ሠሪ ሚዛን ላይ ስናስቀምጠው 24 ግራም እንኳ አልሞላም፤ መሆን የነበረበት 28 ነው። ጠርዙን ስናዞረው የሁለት ሻጋታ መጋጠሚያ መሥመር ታየን። ቀልጦ የፈሰሰ አስመሳይ ነው። ሁለቱ እውነተኞች ናቸው፤ ነገር ግን እንደ መስተዋት ያብረቀርቃሉ። አያቷ በዓል ሲደርስ በሎሚና በአመድ ያሿቸው ነበር። ለባለቤቱ ንጽሕና የሆነው ለመርማሪው ጉዳት ነው፤ በአጉሊ መነጽር ሥር የአመዱ ጭረት ከዳር እስከ ዳር ይታያል።

አራተኛው ከቋጠሮው ሥር ለብቻው በጨርቅ ተጠቅልሎ የቆየ፣ 1887 የሚል የተቀረጸበት ነው። ጠቁሯል። ማታ ልታጥበው ሎሚ ገዝታ እንደ ነበር ስትነግረኝ ደነገጥሁ። ያ ጥቁረት ብሩ በዘመን ብዛት ከአየሩ ጋር ተዋሕዶ የለበሰው ቆዳ ነው፤ ከተፋቀ አይመለስም። ከሥሩ የንጉሠ ነገሥቱ ጢምና የዘውዱ ጌጥ፣ በጀርባው የአንበሳው ጎፈር ጥርት ብለው ይታያሉ። ከፍ ብለው የተቀረጹት ቦታዎች ቀድመው ያልቃሉና መርማሪም ቀድሞ የሚያየው እነርሱን ነው። የድሬ ሙቀት እጅ ያልባል፤ ስለዚህ ጣቶቼን ጠርጌ፣ ጠርዙን ብቻ ይዤ መለስሁላት። አላዱና ተሙኖቹ ምስላቸው እስኪጠፋ ድረስ ያገለገሉ ናቸው። እንግዲህ ከዐሥራ ዘጠኙ ባሕር መሻገር የሚገባት አንዲት ናት። «አቦ፣ እኔ እንኳ በመሥመሬ ላይ እንዲህ አልጨክንም!» አለችኝ።

መቸም እዚህ ላይ «ፈረንጅ የእኛን ብር ሊዳኝ ምን ሥልጣን አለው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዳኝነቱ ግን የፈረንጅ ፈጠራ አይደለም። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን አገራችን ገበያ የወጣች ባልቴት የንግሥቲቱን ዕንቁዎች ሳትቆጥር ጠገራ አትቀበልም ነበር፤ ያለቀውንና የደበዘዘውን ትመልሳለች፤ ነጋዴውም ለዳኝነቷ ያድራል። ኢጣልያ እ.ኤ.አ. ከ1890 ጀምሮ የንጉሥ ኡምቤርቶን መልክ የያዘ ታለሮ ለኤርትራ አትማ ገበያው ፊቱን አዞረባት፤ እ.ኤ.አ. በ1918 ትሬዛን የምትመስል ሴት ቀርጻ ዳግም ሞከረች፤ ያም ከሸፈ። የራሳቸው የዐፄ ምኒልክ ብር እንኳ ጠገራን ከገበያ አላስወጣም። ያ ዳኝነት ጽሕፈት ቤትም ፕላስቲክም አልነበረውም፤ ግን መንግሥታትን ያሳፍር ነበር። የጠፋብን እርሱ ነው። ዛሬ አሮጌ ብር የሚገዛው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው ግራሙን ብቻ ነው።

ወደ ወጪው ስንመጣ፣ የምርመራው፣ የመላኪያው፣ የመመለሻውና የኢንሹራንሱ ሲደመር ለአንዲት ሳንቲም በቀላሉ ከመቶ ዶላር ያልፋል። መቶ ዶላር በሐምሌ 2016 መጀመሪያ 5,700 ብር ገደማ ነበረ፤ በዚያው ወር በ22 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ከ10,000 ብር በላይ ሆነ። ለደመወዝተኛ ይህ ቀልድ አይደለም።

ገንዘቡ ቢገኝስ? የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን በግል መያዝ አይከለክልም፤ ባለቤቱ እንዲያስመዘግብና እንዲጠብቅ ያዛል። ከአገር የሚወጣው ግን ለሳይንሳዊ ጥናት፣ ለባህል ልውውጥ ወይም ለዐውደ ርእይ፣ በፈቃድና ለጊዜው ነው። ነጥብ ለማሰጠት የሚል ምክንያት የለበትም። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ የሆናት የምኒልክ ብር ቅርስ አይደለችም የሚል የሕግ ሰው ካለ ክርክሩን ለመስማት ዝግጁ ነኝ። እንግዲህ ለወጪና ለገቢ ንግድ በተከለለ ነፃ ቀጠና ውስጥ ቁጭ ብለን፣ ኮንቴይነሩ ወደ ጅቡቲ ሲያልፍ እያየን፣ አንዲት የ28 ግራም ብር በሕጋዊ መንገድ ተመርምራ የምትመለስበት ቀዳዳ አጣን። የሻንጣው መንገድ ግን ክፍት ነው፤ በዚያ የሄደው አይመለስም። ሕጉን አልነቅፍም፤ ብራናችንም መስቀላችንም በሻንጣ ነው ያለቀው።

«ታዲያ ባስመዘግባት ይወስዱብኛል?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ የሚያቃልል ባለሥልጣን ካለ ይህችን አገር አያውቃትም። አያቷ ቋጠሮውን የቀበሩት በሐምሌ 1967 ትርፍ ቤት በታወጀ ሰሞን እንደ ነበር ይተርኩላት ነበር። መስከረም 4 ቀን 2013 የብር ኖት እንደሚለወጥ ሲነገር ደግሞ ሕዝቡ ፍራሽ ሥር ያኖረውን ይዞ በሦስት ወር ውስጥ ባንክ እንዲሰለፍ ሆነ። ለእንዲህ ያለ ሕዝብ «አስመዝግብ» ማለት «ያለህን አሳየን» ማለት ነው፤ ማንስ በፈቃዱ ያሳያል?

እኔ የሚታየኝ ምዝገባና ነጥብ መስጠት አንድ ሥራ መሆናቸው ነው። ሁለቱም መመዘን፣ ፎቶ ማንሣት፣ ጉድለቱን መጻፍና ቁጥር መስጠት ናቸው። መዝጋቢው ክፍል ለባለቤቱ እውነተኛነቱንና የሚገኝበትን ሁኔታ የሚመሰክር ወረቀት ቢሰጠው፣ በወረቀቱም በአገር ውስጥ በሕግ እንዲሸጥ ቢፈቀድለት፣ የተቀበረው ቋጠሮ ራሱ እየተፈታ ይመጣል፤ ምዝገባው ዋጋ ይጨምርለታልና። በጎረቤታችን በሐረር አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ በግል ጥረት የሰበሰቡት ቅርስ በስማቸው የሚጠራ ሙዚየም ሆኗል። የሐረር አሚሮች እስከ 1879 የራሳቸውን መሐለቅ ያትሙ እንደ ነበርም አንዘንጋ። ዕውቀቱ ሩቅ አይደለም።

ልጅቱ ማንጠልጠያ ከሌላቸው ጠገራዎች አራቱን ለብር ሠሪ በግራም ሸጣ የወንድሟን የመጀመሪያ ክፍያ ከፍላለች። ጥቁሯን ብር በነጭ ወረቀት ጠቅልላ ጣሳ ውስጥ አኑራታለች፤ በጣሳው ላይም ፋብሪካ ውስጥ ገና ተራው ያልደረሰ ዕቃ ላይ የምትለጥፈውን፣ «ምርመራ ይጠብቃል» የሚለውን ወረቀት ለጥፋበታለች።